ጎጆ መውጫ



የቤት እጥረት ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው አዲስ አበባን፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣንና የቤት ኪራይን ነው። እኔ ዛሬ ስለ ገጠሩ ላንሳ። የገጠር ወጣትም ጎጆ ለመውጣት ቤት ይፈልጋል፤ ሲያጣ ከተማ ይገባና እዚሁ ኪራይ ይሻማል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሥራ እንደያዝኩ ለእናቴ የብሎኬት ቤት ጀመርኩላት። መንገዱ ካለቀበት ጀምሮ ሲሚንቶውም አሸዋውም በአህያ ተጓዘ። ግድግዳው መስኮት ላይ ሲደርስ ብሬ አለቀ። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አስቦክቶ፣ በደቦ ቤቱን ሠራና ሚስቱን አስገባ። እናቴ ምን አለችኝ? «የኔ ኢንጂነር፣ ያንተ ቤት እስኪያልቅ የወንድምህ ልጅ ድክ ድክ ይላል።» እውነቷን ነበር።

ከዚያ በኋላ የጭቃ ቤት ማየት ጀመርኩ። የጭቃ ቤት የሚጎዳው ከእግሩ ነው። የተቀበረው ቋሚ በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፤ ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብም የግድግዳውን ሥር ያጥባል። ዶርዜዎች ይህን ጥንትም ያውቁታል፤ የቀርከሃ ቤታቸው ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቁመቱ ያጥራል እንጂ ቶሎ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ተሸክመው ቦታ ያዛውሩታል።

ስለዚህ የእህቴ ቤት ሲሠራ የጨመርነው ጥቂት ነው፦ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረት፤ አፈር ሳይነኩ እሱ ላይ የሚያርፉ ቋሚዎች፤ በሰያፍ እንጨት የታሰሩ ማዕዘኖች፤ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የወጣ ክፈፍ፤ በዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ። ድንጋዩ ከማሳው ተለቀመ። የገዛነው ሚስማርና ቆርቆሮ ነው። 6 ክረምት አልፎታል፤ እግሩ ደህና ነው።

መምህሮቻችን፣ ይህን ቤት ክፍል ውስጥ አስገቡልን። በክረምት ጭቃ አይደርቅምና፣ ተማሪዎች በበጋው ዕረፍት ከአንድ ቀበሌ ደቦ ጋር አንድ ቤት ይሥሩ። ከአናጺውና ከጭቃ ረጋጩ ይማሩ፤ እነሱም የኛን ስሌት ይፈትኑት። እኛ ተመራቂዎች ደግሞ የመጓጓዣውንና የቆርቆሮውን እናዋጣ። የመጀመሪያውን ቤት ቆርቆሮ እኔ እችላለሁ።

የኔ ብሎኬት ዛሬም እንደቆመ ነው። እናቴ በግ ታስርበታለች።