ስለ ተውኔት፣ ስለ ትረካና ስለ ጥብቅና ለተጠራው ዐውደ ጥናት የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን ሚኒስትሮች፤ ብፁዓን አባቶችና የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎች፤ ክቡራን የፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቶችና ዳኞች፤ የተከበራችሁ ጠበቆች፣ ጸሐፍተ ተውኔት፣ ከያንያንና ተራኪዎች፤ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከሩቅም ከቅርብም በዚህ ጉባኤ ስለ ተገኛችሁ፣ በምመራው ፍርድ ቤትና በራሴ ስም ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ተውኔትና ሕግ በአገራችን ባዕዳን አይደሉም፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ»ን የደረሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እኒያው ሰው ናቸውና። ከእርሳቸውም በፊት ቢሆን፣ ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር ኩታቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን እየሰበቁ፣ «በላ ልበልሃ» ተባብለው በምሳሌና በቅኔ ሲሟገቱ፣ በማርና በፈረስም እሰጥ አገባ ሲሉ፣ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ ማን እንደ ረታ፣ በምንስ እንደ ረታ ለይቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በዚያ ሸንጎ አንደበቱ የተሳሰረ ድኻ እውነት ይዞ ይሸነፍ እንደ ነበር አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ሙግቱ ከአደባባይ ወደ ወረቀት ሲገባ፣ ሕዝቡ ከፍርድ ፊት እንደ ተገለለ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ይህ መገለል ዛሬም በችሎታችን ይታያል። መሥሪያ ቤታችን ዘወትር የሚነቀፍበት ነገር ቀጠሮ ነው፤ ነቀፋውም እውነትነት አለው። መጥሪያ ባለመድረሱ፣ ምስክር ባለመቅረቡ፣ መዝገቡ ተመርምሮ ባለማለቁ ነገሩ ከወር ወደ ወር ይተላለፋል። የልጅ ቀለብ ልታስቆርጥ የመጣች እናት ሕፃኗን አዝላ ከማለዳ ጀምሮ በችሎቱ ደጃፍ ስትጠብቅ ውላ፣ ስሟ ሲጠራ ገብታ፣ «መዝገቡ ለብይን ተቀጥሯል» ተብላ ትወጣለች፤ ብይን ምን እንደ ሆነ፣ ለምንስ እንደ ተቀጠረ የሚያስረዳት ሰው የለም። ከመዘግየቱ ይልቅ ይህ አለማወቅ ይከፋል ብዬ አምናለሁ፤ የተቀጠረችበትን ምክንያት የማታውቅ ባለጉዳይ ተስፋ ቆርጣ ትቀራለችና።

አለማወቁ በችሎት ደጃፍ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ሕጉን ራሱንም ይመለከታል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገድላ በተከሰሰች ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት፣ ራሷን በመከላከሏ ነጻ ወጣች፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያን ቀዳዳ ዘግቶ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ሆኖም ነጋሪት ጋዜጣ የማይደርስበት መንደር ብዙ ነው፤ የዚያችን ልጃገረድ ታሪክ «ድፍረት» የተባለው ፊልም ሲተርከው ግን፣ አንቀጽ ያላነበበ ሰውም የነገሩን ፍሬ ለመረዳት ፊደል መቁጠር አላስፈለገውም።

ስለዚህ ከያንያኑ ከጠበቆች፣ ጠበቆቹም ከከያንያን ተማክረው፣ ለፍትሕ መስፋፋት የሚበጀውን መንገድ እንዲያመለክቱን በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ዐውደ ጥናቱ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።