የኤሌክትሪክ ኃይል ሚዛን

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በገበያ እህል የሚሸምት ሰው ቁናው እንዲጐድልበት አይፈቅድም። ኤሌክትሪክ ግን በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ የምንከፍልበት ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚለካ መረዳት ተገቢ ነው።

የኤሌክትሪክን ኃይል ሁለት ነገሮች ይወስኑታል። አንደኛው ግፊት ሲሆን በቮልት ይለካል፤ ሁለተኛው በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት ሲሆን በአምፔር ይለካል። ሁለቱ ሲባዙ ኃይሉ በዋት ይገኛል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱም ሳይረጉ ሲዋዥቁ ነው።

በአርሲ ደጋ፥ በጎበሳ ከተማ አንዲት እመቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ይጋግራሉ እንበል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ግፊቱ 220 ቮልት፥ ፍሰቱ 16 አምፔር ነው፤ ኃይሉም 3,520 ዋት ይሆናል። በሁለተኛው ግማሽ ሰዓት፥ የየቤቱ መብራት ሲበራ፥ ግፊቱ ወደ 165 ቮልት፥ ፍሰቱም ወደ 12 አምፔር ይወርዳል፤ ኃይሉ 1,980 ዋት ብቻ ይቀራል። እነሆ፥ ግፊቱ በሩብ ቢጐድል ሙቀቱ በግማሽ ሊጐድል ጥቂት ብቻ ቀረው። እንጀራው ዓይን የማያወጣው ስለዚህ ነው እንጂ በጋጋሪዋ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ የሰዓቱ አማካይ ኃይል ስንት ነው? የቮልቱን አማካይ 192.5ን በአምፔሩ አማካይ በ14 ያባዛ ሰው 2,695 ዋት ይላል። ይህ ስሕተት ነው። አስቀድሞ የየጊዜውን ግፊትና ፍሰት ማባዛት፥ ከዚያም አማካዩን መውሰድ ይገባል፤ ውጤቱም 2,750 ዋት ነው።

የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ ይህ ሕግ በየቅጽበቱ ይሠራል። በሞተር ላይ ደግሞ ፍሰቱ ከግፊቱ ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ ከተወሰደው ኃይል ጥቂቱ በየዙሩ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ስለዚህ 220 ቮልትና 10 አምፔር የሚያሳይ ሞተር 2,200 ዋት ሳይሆን 1,760 ዋት ብቻ ሊወስድ ይችላል።

ቆጣሪ ይህንን ሥራ ይሠራል። በድሮው ቆጣሪ አንዱ ጥቅልል ሽቦ ግፊቱን፥ ሁለተኛው ፍሰቱን ተቀብሎ ሳሕኑን በብዜታቸው ልክ ያዞሩታል፤ አዲሱ የካርድ ቆጣሪ ግን በስሌት ያገኘዋል። ኃይሉ ሲደክም ደኅና ቆጣሪ በዚያው ልክ ይዘገያል። ነገር ግን ምጣዱ ሳይግል ሲቆይ ሙቀቱ ወደ አየር ይባክናል፤ እመቤቲቱም ለዚያ ይከፍላሉ። የባከነውን ሊጥና ጊዜ የሚለካ ቆጣሪም የለም።

ስለዚህ አቤቱታ የምታቀርቡ ሁሉ ቆጣሪውን ከመክሰሳችሁ በፊት ቮልቱን አስለክታችሁ ከነሰዓቱ ጻፉ። ልኩ የታወቀ ጉድለት ፍርድ ያገኛል።