ፕሮግራምን ከነስንቁ ስለ ማድረስ



ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ ለሸዋ ሰው የሰጡት መገናኛ ወረኢሉ ነበር። ወደዚያ የወጣ ዘማች ስንቁን ከቤቱ ትቶ አልሄደም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ስንቁን እየረሳ ይሄዳል።

በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ በደኅና የሚሠራ የመሬት ይዞታ መመዝገቢያ በፍላሽ ተጭኖ ወረኢሉ ወይም መካነ ሰላም ቢደርስ፥ ሲከፈት አንድ የዲ.ኤል.ኤል. ፋይል አልተገኘም ብሎ ሊቆም ይችላል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣው ገበሬም ጉዳዩ ሳይፈጸም ይመለሳል። ጥፋቱ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አይደለም። ሠሪው ፕሮግራሙን የጻፈበት መሣሪያ የቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስን ወይም የዶት ኔትን ደጋፊ ፋይሎች ቀድሞ ስላኖረለት ጉድለቱ አልታየውም።

ይህን የፊደላችን ታሪክ አስቀድሞ አስተምሮ ነበር። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከመግባቱ በፊት በአንድ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፥ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ዝብርቅርቅ የላቲን ምልክት ሆኖ ይነበብ ነበር፤ ይነበብ ከተባለ።

ስለዚህ ደጋፊዎቹ ሁሉ ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ መጫኛ ሊታሸጉ ይገባል። የጎደለውን ከኢንተርኔት የሚያወርድ መጫኛ መስመር በሌለበት ስፍራ ከባዶ እጅ አይሻልም። ለ32 ቢት የተሠራ ፕሮግራምም የ64 ቢቱን ደጋፊ አይቀበልም፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። የመጫኛው መጠን ቢገዝፍ ግድ የለም፤ ፍላሹ ይችለዋል።

ከመላኩ በፊት ፈተናው የፕሮግራም መሥሪያ ባልተጫነበት፥ ኢንተርኔቱም በተቋረጠ ኮምፒዩተር ላይ ይሁን፤ የወረዳውን ኮምፒዩተር የሚመስለው እርሱ ነው።