ለሌክ ሚድ ካርፕ ምን ይያዝ?

አቅራቢ 1፦ ከኔቫዳው ሎን ማውንቴን ተነስቶ ሌክ ሚድ ሐይቅ ለሚወርድ አጥማጅ ምን ትመክሪዋለሽ፣ እህቴ?

አቅራቢ 2፦ ካርፕ ጉልበተኛ ዓሣ ነው። ዘንጉ ጠንከር፣ ጫፉ ለስለስ ያለ ይሁን። ከ12 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል የናይለን ክር ይበቃል። የክር መጠቅለያውንም (ሪሉን) ላላ ያድርገው፤ አለዚያ ዓሣው ዘንጉን ይዞት ይሄዳል።

አቅራቢ 1፦ ማባበያውስ? በዚህ በረሃ ትል ፍለጋ ልንወጣ ነው?

አቅራቢ 2፦ ምን በወጣህ! ከታሸገ በቆሎ ሁለት ፍሬ መንጠቆው ላይ ሰካ። ካርፕ ከወለል ስለሚለቅም ማባበያው ታች ይረፍ።

አቅራቢ 1፦ ለጥላ የሚሆን ድንኳንስ?

አቅራቢ 2፦ በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ጥላ የግድ ነው። ነፋሱ ድንገት ስለሚነሳ በካስማ ብቻ አትመን፤ እግሮቹ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት እሰር።

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ የኔቫዳ የማጥመጃ ፈቃድ ግዴታ ነውና ሳትይዙ እንዳትወጡ!