ቀዩ አፈርና ጫማው

የተሰጠኝ ርዕስ የሀገራችን የቆዳና ጫማ ምርምርና ፍተሻ ተቋም ታሪክ ነው። ጅማ ላይ ቆሜ ግን እግሩን ዘልዬ ጫማው ላይ መድረስ አልችልም።

ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ የመጣችሁ ዝሆኔን ታውቁታላችሁ። በትንኝ የሚመጣው ዝሆኔ የቆላ ነው። የወይና ደጋውን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ትንኝም ትልም የለበትም። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየገበያው እየዞረ የሰው እግር ይመለከት ነበር። በሽታውን ያገኘው ዝናብ በሚበዛበት ከፍታ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈርሶ ቀይ አፈር በሆነበት ቦታ ነው። የበሽተኞችን ንፍፊት ሲመረምርም ደቃቅ የአፈር ማዕድን አገኘበት። ተረከዝ ሲሰነጠቅ አፈሩ ይገባል፣ የሰውነትን የፈሳሽ መስመር ያቆስላል፣ ዓመታት ቆይቶ እግር ያብጣል። ቡና የሚወደውስ የትኛውን መሬት ነው? ይህንኑ መሬት አይደለም?

«በዘር ነው» እየተባለ ስንት ትዳር ፈርሷል! እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ተጋላጭነቱ በከፊል እንደሚወረስ አሳይቷል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ብቻ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ሰው አይታመምም። በሀገራችን የታማሚው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን አዋቂ እንደሚደርስ ተገምቷል።

አጋሮ ገበያ መግቢያ ላይ አንዲት አዴ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው በባዶ እግራቸው ጭቃውን ሲያቋርጡ አይቼ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «ጭቃው ይጨርሰዋል፤ ለሰርግ ነው የማስቀምጠው» አሉኝ። ጫማ አላቸው፤ ለማሳ የሚሆን ጫማ ግን የላቸውም።

ሰዓቱ ስለ ሄደ ወደ ርዕሴ ልግባ። የብሪታንያ ጫማ ሠሪዎች ዛሬ ሳትራ የሚባለውን የምርምር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1919 አቋቋሙ። የእኛው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ከሕንድ የቆዳና የጫማ ተቋማት ጋር ተጣምሮ ሠራ፤ በኋላም በአምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ሥር ተጠቃለለ። በጫማ ላቦራቶሪ ሶል በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይታጠፋል፣ ይፈገፈጋል፣ ማስቲሹ ይሳባል።

መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከላችን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ሀገራችን ከገባ በኋላ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መርጦ አወጣ። ለቡናው የተደረገው ለለቃሚው እግርም ይገባል። የዩኒቨርሲቲና የላቦራቶሪ ሰዎች፣ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ የጎማ ወረዳን ጭቃ ወስዳችሁ ጫማ ፈትኑበት፤ ዙሪያውን የተሸፈነ፣ የሚታጠብ፣ ገበሬ ሊገዛው የሚችል የማሳ ጫማ አውጡልን።