የቆዳ በሽታ ትምህርት አንድ መለኪያ ይኑረው
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በመሥሪያ ቤት ሥራ የምትውሉ ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ። ሁለት ባለጉዳዮች አንድ ዓይነት ማመልከቻ ይዘው ቀርበው፥ አንዱ ጸሐፊ ሲቀበል ሌላው ቢመልስ፥ በደሉ የሚወድቀው በባለጉዳዩ ላይ ነው። ደንብ የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ የሕክምና ትምህርት ይሁን እንጂ ሥረ ነገሩ ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም ሐኪም ለመሆን የሚማሩ ወጣቶች ስለ ቆዳ በሽታ ምን ምን ማወቅ እንዳለባቸው ትምህርት ቤቶቻቸው ሁሉ በአንድነት ይስማሙ የሚል ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግረን የሱሉልታን ሜዳ ስናልፍ ጫንጮን እናገኛለን። በዚያ ገበያ ወተት ሸጣ የምታድር አንዲት እናት፥ በክንዷ ላይ ከሌላው ገላዋ ነጣ ያለ ምልክት ወጣባት እንበል። አያሳክካትም፥ አያማትም። አንዱ ጎረቤት «ቋቁቻ ነው፥ ይጠፋል» ይላታል፤ ሌላው «ለምጽ ነው» ብሎ ያስደነግጣታል። ወራት አልፈው ወደ ሐኪም ብትሄድ፥ ሐኪሙ የጥጥ ጫፍ ይዞ «እናቴ፥ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ የነካሁዎት ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅን የተማረ ከሆነ ምርመራው የደቂቃ ሥራ ነው። ቦታው ስሜት ያጣ እንደ ሆነ ሥጋ ደዌን ይጠረጥራል። ይህን ያልተማረ ከሆነ ግን ቅባት ሰጥቶ ይሸኛታል።

በዚህ መካከል በሽታው ነርቭን እየጎዳ ይሄዳል፤ የደነዘዘ እጅም በምድጃ ሲቃጠል ባለቤቱ አይሰማውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በ1981 ከመከረው ጊዜ ጀምሮ ሥጋ ደዌ በተጣመሩ መድኃኒቶች የሚድን በሽታ ሆኗል፤ ሕክምናውም ዛሬ እንደ ደረጃው 6 ወይም 12 ወር ይወስዳል። የጠፋው ስሜት ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። እንግዲህ የዚህች እናት እጅ መትረፍ፥ ሐኪሟ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደ ወጣ በዕድል ሊወሰን ይገባልን?

አገራችን ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ. ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ለገጠሩ ሕዝብ አዘጋጅቷል። በ1958 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርትም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የመላ አፍሪቃ ማዕከል እንዲሆን የታሰበ ነበር። ዛሬ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በየክልሉ በዝተዋል፤ ነገር ግን መምህሩም ጊዜውም በሁሉም ዘንድ እኩል አይገኝም። የጋራ ግብ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ተማሪው ስለ ቆዳ በሽታ ይማራል» የሚል ቃል ግብ አይባልም። ግብ የሚባለው ተማሪው ሲመረቅ በዓይኑና በእጁ ሊሠራ የሚችለው ተለይቶ ሲጻፍ ነው። እኔ ብጠየቅ አራት ነገሮችን አስቀድማለሁ።

አንደኛ፥ በጠይምና በጥቁር ገላ ላይ በሽታን ማየት ይማር። ከውጭ አገር የመጡት ብዙዎቹ መጻሕፍት የተቆጣ ቆዳ «ይቀላል» ይላሉ፤ በእኛ ገላ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ ይታያል።

ሁለተኛ፥ በአገሩ ያሉትን እከክን፥ ጭርትን፥ ቋቁቻን፥ ሥጋ ደዌን፥ ቁንጭርንና የእግር ዝሆኔን ለይቶ ይወቅ፤ ሕክምናቸውንም ይወቅ። በእከክ የተያዘ ሰው ቤተ ሰቡ አብሮ ካልታከመ በሽታው ይመለሳል። በደጋ የሚገኘው የእግር ዝሆኔ ደግሞ፥ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሠርቶ እንዳስረዳው፥ ቀይ አፈርን ለብዙ ዘመን በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም፤ ጫማና የእግር መታጠብ ይከላከሉታል።

ሦስተኛ፥ ያልለየውን በግምት ከማከም ይልቅ ሳይዘገይ ወደሚያውቀው መላክን ይልመድ።

አራተኛ፥ መናገርን ይማር። የቆዳ በሽታ ከሰው ዓይን አይሰወርም፤ ስለዚህ በሽተኛው ከሕመሙ በላይ በሐሜት ይጎዳል፥ ልጆቹም ለጋብቻ ይናቃሉ። «መርገም አይደለም፥ ይታከማል» የምትል የሐኪም ቃል መድኃኒት ናት።

አንዳንድ መምህራን «አንድ መለኪያ እጃችንን ያስራል» ይሉ ይሆናል። መለኪያው ግን ማንም ከዚህ እንዳያንስ ነው እንጂ ማንም ከዚህ እንዳይበልጥ አይደለም። ደግሞም ግቡ ተጽፎ ተማሪው በበሽተኛ ፊት ቆሞ ካልተፈተነበት፥ በመዝገብ ቤት እንደ ተረሳ ደብዳቤ ይሆናል።

በግንቦት 2017 ዓ. ም. የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎች የዓለም ሁሉ ቀዳሚ የጤና ጉዳይ እንዲሆኑ ወስኗል። ውሳኔው ፍሬ የሚሰጠው ግን እንደ ጫንጮ ባሉ ከተሞች በሚገኝ የምርመራ ክፍል ነው።

አድማጮቼ፥ ከመካከላችሁ የትምህርትና የጤና ረቂቅ በእጃችሁ የሚያልፍ አላችሁ። ወረቀቱ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ያችን ወተት ሻጭ አስቧት። ሌሎቻችሁም በቤታችሁ ካሉት በአንዱ ገላ ላይ የደነዘዘ ነጣ ያለ ምልክት ብታዩ፥ አትሸፍኑት፤ ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩት።