የመቀነቴ ቋጠሮና የጣና ጉዟችን

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ የካቲት 2011 ዓ.ም.)



ሰብሳቢያችን ስለ ቁጠባ አንድ ነገር እንድናገር ስትጠይቀኝ እናንተ ከእኔ የምትጠብቁት ቁጥር መሆኑን አውቄ ነበር። እስከ ዛሬ እዚህ ቆሜ ያነበብኩላችሁ ገቢና ወጪ ነው። ዛሬም ቁጥር ይኖረዋል፤ ግን የማኅበሩ ሳይሆን የራሴ ቤት ነው። ባለቤቴን አስፈቅጄ ነው የምናገረው። "እኔ ላይ ብቻ እንዳታሳብቢ፣ የአንቺንም ንገሪያቸው" ብሎኛል።

የማኅበራችን ሒሳብ በየወሩ ሳንቲም ሳይጎድል ይዘጋል። የእኔ ቤት ሒሳብ ግን አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም ነበር።

የተጋባነው በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ዓመታችንን ባሕር ዳር ሄደን እንድናከብር ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። እኔ "ልጆቹን ማን ይይዛል? በዚያ ብር ፍሪጅ አይገዛም?" አልኩ። እሱ ግን "ለልቅሶ አዋጥተናል፣ ለሰው ሠርግ አዋጥተናል፣ ለእኛ አንድ ቀን እንኳ አላዋጣንም" አለኝ። መልስ አጣሁ። በወር 250 ብር ለብቻ ማስቀመጥ ጀመርን። በሁለት ዓመት 6,000 ብር ሆነ። ልጆቹን እህቴ ጋ አድርሰን ባለፈው ወር ሄድን።

ወጪውን ለምትፈልጉ ይኸው፦ ትራንስፖርት 1,720፣ የሦስት ሌሊት አልጋ 1,650፣ ጀልባ 600፣ ምግብ 1,580፣ መግቢያና ልዩ ልዩ 320፤ በድምሩ 5,870 ብር። 130 ብር ተርፎን ተመለስን።

ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሳን። ከጎሐ ጽዮን በኋላ አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ባለቤቴ መስኮቱን ለእኔ ለቀቀልኝ። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ አልፈን፣ ደጀን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን፣ ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይ ጣና ላይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። አልጋ ይዘን፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ የተጠበሰ ቆሮሶ በላን። ስለ ልጆቹ አወራን። ስለ ልጆቹ ማውራት ስንጨርስ ዝም አልን። ለካ ከልጆችና ከአስቤዛ ሌላ የምናወራው ነገር አልነበረንም።

በማግስቱ ጠዋት ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ጀልባ ያዝን። ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፤ በብዙዎቹ ላይ ገዳም አለ። ርቆ በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፤ እሷን ለማየት ጊዜውም ገንዘቡም አልፈቀደልንም። እኛ የሄድነው ቅርብ ወደሆኑት፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዘጌ ነው።

ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። ፊት ለፊቱ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ የሴቶች፣ የመነኮሳይያት ነው። ባለቤቴ ከወንዶቹ ጋር ወርዶ ዳገቱን ወጣ፤ እኔ ከሁለት ሴቶች ጋር ጀልባው ላይ ቀረሁ። ሥርዓቱን ለመንቀፍ አይደለም የምነግራችሁ። እዚያ መቅረቴ ነው ለወሬ ያበቃኝ።

አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ስለት ሊያደርሱ ነው የመጡት። የት እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው። ሳቁና "አይ ልጄ፣ አንቺን የመሰለ ቢኖረኝ ኖሮ" አሉኝ። ከዚያ ታሪካቸውን አጫወቱኝ። ከባላቸው ጋር 40 ዓመት ኖረዋል። ባላቸው ምን እንደሚያገኝ፣ ለማን እንዳበደረ፣ ከማን እንደተበደረ አያውቁም። ሞቶ አርባው እንኳ ሳይወጣ ባለዕዳ ነኝ የሚል ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። "ክፉ ሰው አልነበረም" አሉኝ፤ "እንዳልጨነቅ ብሎ ነው የደበቀኝ። ይኸው እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ተጨነቅሁ።" በሬያቸውን ሸጠው ነው ዕዳውን የከፈሉት።

እኔ ራሴን ነቅንቄ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም እኔም የደበቅሁት ነገር ነበረ።

እናቴ ገንዘቧን የምትይዘው መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው። ስዳር "ሴት ልጅ ማንም የማያውቀው የራሷ ቋጠሮ ይኑራት" ብላ መከረችኝ። እኔ መቀነት አልታጠቅም፤ የባንክ ደብተር አወጣሁ። ከሰባት ዓመት በፊት ጀምሬ ከትርፍ ሰዓት ክፍያዬ፣ ከአስቤዛው ከምታተርፍልኝ እየቆነጠርኩ አስቀምጫለሁ። ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ 38,640 ብር ደርሶ ነበር። ደብተሩ ያለው መሥሪያ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ፍሪጅ የለንም ብዬ ስነጫነጭ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ከክብራን ሲመለስ "ብቻዬን አይቼው ደስ አላለኝም" አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም።

ዘጌ ደረስን። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ፀሐይ መሬት አይነካም። በመንገዱ ዳርና ዳር የአካባቢው ሴቶች ቡና፣ ጨሌ፣ ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ይሸጣሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባ የመቅደሱን ሥዕሎች አየን። የበላዔ ሰብእ ታሪክ እዚያ ተሥሏል። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያን ሁሉ ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ አጋደለለት። ሚዛን የዕለት ሥራዬ ነውና ከሥዕሉ ፊት ብዙ ቆምኩ። ያቺ ጥርኝ ውኃ እንኳ ሚዛን ላይ ያጋደለችው ስለወጣች ነው፤ የተደበቀ ነገር በሚዛን አይገባም ብዬ አሰብኩ።

ወደ ጀልባው ስንመለስ ቡና የምታፈላ ሴት ጋ ተቀመጥን። አቦል እንደጠጣን "ያልነገርኩህ ነገር አለ" አልኩትና ከነቁጥሩ ነገርኩት። እስከ በረካው ድረስ አልተናገረም። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሲኒውን አስቀምጦ "እኔም ያልነገርኩሽ አለ" አለኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለወንድሙ ብድር ዋስ ሆኖለት ነበር። ወንድሙ ሥራውን ሲያጣ መክፈል አቆመ። ከዚያ ጀምሮ በየወሩ 1,200 ብር ከባለቤቴ ደመወዝ ይቆረጣል። የቀረው ዕዳ 14,400 ብር ነው።

እህቶቼ፣ አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ደመወዙ መጉደሉን አውቅ ነበር። ያኔ ስጠይቀው "ግብር ጨመረ" አለኝ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ግብር የማይከፈልበትን ደመወዝ ከ150 ወደ 600 ብር ከፍ አድርጎ የደመወዝተኛውን ግብር አቀለለ እንጂ አልጨመረም። ይህን የደመወዝ መክፈያ የምሠራ እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ነው? አውቄ ነው ዝም ያልኩት። የእሱን ብመረምር የእኔም ይመረመራል ብዬ ፈራሁ። ሌባና ሌባ እንደተገናኙ ሁለታችንም ዓይናችንን ሰብረን ኖርን።

የዚያን ዕለት ማታ አኩርፈን ነው ያደርነው። እኔ "ያንተ ዕዳ ነው፣ የእኔ ጥሪት ነው፤ እንዴት እኩል ይሆናል?" አልኩ። እሱም "አንቺ የደበቅሽው ከእኔ ለመለየት ነው፣ እኔ የደበቅሁት አንቺን ላለማስጨነቅ ነው" አለኝ። ይህ አባባል እንቅልፍ ነሳኝ። ልለየው አስቤ አላውቅም፤ ግን ሰባት ዓመት የቆጠብኩበትን ምክንያት ስፈልግ "ምናልባት" ከሚል ቃል ሌላ አላገኘሁም።

በሦስተኛው ቀን ጢስ ዓባይ ሄድን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ወጣን። በሥዕል የማውቀው ፏፏቴ ገደሉን ሙሉ የሚሸፍን ነበር፤ እኛ ያየነው ቀጭን ነው። ወቅቱ በጋ ነው፤ ደግሞም ውኃው ለመብራት ይጠለፋል። የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች አሉ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በዋሻ ውኃ ይወስዳል። ባለቤቴ ቆሞ አየና "ውኃው አልደረቀም፣ በሌላ በኩል ነው የሚሄደው" አለ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ኩርፊያችን እዚያ ላይ አበቃ።

ከጉዟችን ስንመለስ ምን አደረግን?

መጀመሪያ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። በእኛ ሙያ ሒሳብ ማስታረቅ የሚባል ሥራ አለ፤ የመዝገቡን ሒሳብና ከባንክ የመጣውን ሒሳብ ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ነው። ስሙ ማስታረቅ የሆነው ለካ በከንቱ አይደለም። የሁለታችንን ገቢ፣ ወጪ፣ ጥሪትና ዕዳ በአንድ ገጽ ጻፍን።

ሁለተኛ፣ ዕዳውን ከእኔ ደብተር በአንዴ ከፈልን። ስሜት አይደለም፤ ስሌት ነው። ደብተሬ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ያስገኛል፤ ብድሩ 17 በመቶ ያስከፍላል። 7 ለማግኘት 17 መክፈል ኪሳራ ነው። ደብተሩ ላይ 24,240 ብር ቀረ። በየወሩ ሲቆረጥ የነበረው 1,200 ብር አሁን ወደ ቤት ይገባል፤ ከእሱ ላይ የወሰድነው እስኪተካ ድረስ 1,000 ብሩ ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ለየራሳችን በወር 300 ብር መደብን። ይህን ማንም ማንንም አይጠይቅም። እሱ ለወንድሙ ሻይ ይጋብዝበት፣ እኔ ለእናቴ ልላክበት፣ የየራሳችን ጉዳይ ነው። ቋጠሮዬ አልተፈታም፤ አሁን ግን ባለቤቴ መኖሩን ያውቃል።

ሕጉንም አነበብኩ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ላይ ሳሉ ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። በየስማችን ባንክ ማስቀመጥ እንችላለን፤ አንዱ ሲጠይቅ ግን ሌላው ስላገኘው ገቢ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሰው ዋስ ለመሆን ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን በደንብ ያዙልኝ። ባለቤቴ አላወቀውም ነበር። ከእኛስ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

አንድ ነገር እንዳይሳሳትብኝ። ባሏ የሚደበድባት፣ ደመወዟን ነጥቆ የሚጠጣባት እህት ደብተሯን አውጥታ ታሳየው አልልም። ለእሷ ቋጠሮዋ የማምለጫ በሯ ነው፤ በሯን አትክፈትለት። እናቴም ስትመክረኝ ያሰበችው እንዲህ ዓይነቱን ቀን ነው፤ ብዙ ሴቶች አይታለችና አልፈርድባትም። እኔ የምናገረው እንደ እኔ ለሆነች ነው፦ ደህና ሰው አግብታ በፍርሃት ብቻ ለምትደብቅ፣ የባሏን ጉድለት እያየች የራሷ እንዳይነሳ ዝም ለምትል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለደጋፊዎቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በቁጠባ ሥልጠናችን ላይ እስከ ዛሬ የምንጠራው እኛን ሴቶቹን ብቻ ነው። አንዱን ቀን፣ የሚፈልጉት አባላት ከባሎቻቸው ጋር እንዲመጡ ይደረግ። ወረቀትና እስክሪብቶ እንስጣቸው፤ ለየብቻ ተቀምጠው የቤታቸውን አንድ ገጽ ይጻፉ። ያን ገጽ እኛ አናየውም። የማታመጣም ለምን አላመጣሽም አትባል።

በጀልባው ላይ ያገኘኋቸውን እናት ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ተለያየን። ስለታቸውን አድርሰው ሲመለሱ እጄን ይዘው "ከባልሽ ጋር ነው የመጣሽው? ጎሽ፣ በሕይወት እያላችሁ ተነጋገሩ" አሉኝ። እኔም ለእናንተ የማስተላልፈው ይህንኑ ነው።

ቀጣዩን 250 ብር ከዚህ ወር ጀምሮ ማስቀመጥ ጀምረናል። በዚህኛው ደግሞ ናርጋ ሥላሴ እንደርሳለን ብለናል።